የአራቱ እግሮች ድርሻ፦ ከላስታ ዳገት እስከ ውድድር መኪና

ከላሊበላ ወጥቶ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወደ ገነተ ማርያም፣ ከዚያም ወደ ኩልመስክና ድልብ የሚዘልቀው መንገድ አሽከርካሪን የሚፈትነው በፍጥነት አይደለም። ይኩኖ አምላክ እንዳሠራው የሚነገርለትን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም የሚሄድ ሰው ጠጠርና አቧራ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃና ጎርፍ የቦረቦረው የመንገድ ዳር ይጠብቀዋል። አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። አንዱ ጎማ ዓለት ሲረግጥ ሌላው ልቅ ጠጠር ላይ በባዶ ይሽከረከራል። የፈጣን መኪና መሐንዲሶችን ለአርባ ዓመታት ያስጨነቀው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሞተሩ ያመነጨው ጉልበት ለየትኛው ጎማ፣ መቼና ምን ያህል ይድረስ? (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከዲፈረንሻል ነው። መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የረዘመ መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ በአንድ ብረት ቢታሰሩ አንዳቸው መንሸራተታቸው አይቀርም። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔክዌር በ1827 ለእንፋሎት ተሽከርካሪ ያዘጋጀው ዲፈረንሻል ሁለቱ ጎማዎች በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ፈቀደ። ጉድለቱ ጉልበትን ሁልጊዜ እኩል ማካፈሉ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚይዘው መሬት ሲያጣ የሚሸከመው ጉልበት ከምንም አይቆጠርም፤ ደረቅ መሬት ላይ ያለው ጓደኛውም ከዚያች ኢምንት ድርሻ በላይ አይሰጠውም። ስለዚህ አንዱ በባዶ ሲሽከረከር ሌላው ቆሞ ያያል። ፎር ዊል የገባላት መኪና እንኳ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቿ ካልታሰሩ፣ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በሰያፍ ከመሬት ሲነሱባት እዚያው ተገትራ ትቀራለች። ብዙ ሾፌር «አራቱም ይሠራሉ» ብሎ ተማምኖ የሚሰምጠው እዚህ ላይ ነው።

በሰሜን ወሎ ገጠር ለዚህ ችግር የተገኘው መልስ ለረጅም ጊዜ አንድ ነበር፤ ላንድክሩዘር። ከ1984 ጀምሮ የሚመረተው ባለ 70 ቁጥሩ፣ በእኛ አገር ሃርድ ቶፕ የምንለው፣ የጤና ባለሙያም የእርዳታ ሠራተኛም ቱሪስትም ጭኖ ላስታን የወጣ የወረደ መኪና ነው። በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ዲፈረንሻል የለውም። ፎር ዊል ሲገባ ፊትና ኋላ በአንድነት ይታሰራሉ፤ ጠጠር ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ትርፉ መንሸራተት መሬቱ ላይ ያልቃል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ማርሾቹ ይጨናነቃሉ፣ ጎማ ይበላል። ጠጠር ላይ ፎር ዊል አስገብቶ የመጣ ሰው የቻይና መንገድ በሚባለው የወልዲያ–ወረታ አስፋልት ላይ ማውጣቱን ከረሳ፣ ዋጋውን ጋራዥ ይነግረዋል። በተለምዶ ቪ8 የምንላት ባለ 200ዋ ደግሞ ሁልጊዜ በአራቱም እግር የምትነዳ ናት። መሐል ያለው ቶርሰን ዲፈረንሻል በመደበኛው 40 ከመቶውን ለፊት፣ 60ውን ለኋላ ይሰጣል፣ እንደ መሬቱም ያንን ያዛውራል።

ወደ ፈጣኖቹ እንሻገር። አራቱንም ጎማ በሞተር መግፋት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የኔዘርላንዱ ስፓይከር በ1903 እንዲህ ያለ የውድድር መኪና ሠርቷል። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለረጅም ዘመን የወታደርና የገበሬ ሆኖ ቆየ። በ1961 ስተርሊንግ ሞስ በፈርጉሰን ፒ99 እንግሊዝ ውስጥ ኡልተን ፓርክ ላይ አሸነፈ፣ በ1966ም ጄንሰን ኤፍኤፍ ለገበያ ቀረበች፤ ሁለቱም ተከታይ ሳያፈሩ አለፉ። በሩን የበረገደው በ1980 ጄኔቫ ላይ የታየው አውዲ ኳትሮ ነው። በአውሮፓ በረዶና ጠጠር ላይ የራሊን ውድድር እንደ አዲስ ጻፈው ማለት ይቻላል።

ለእኛ የሚቀርበው ትምህርት ግን ከጎረቤት ኬንያ የመጣው ነው። ኳትሮ አውሮፓን ባስደነገጠበት ዘመን የሳፋሪ ራሊን በ1984፣ በ1985 እና በ1986 ያሸነፈችው በኋላ እግሯ ብቻ የምትነዳው ቶዮታ ሴሊካ ነበረች። በዚያ አቧራና ጭቃ ላይ ለቀናት በሚዘልቅ ውድድር ጥንካሬና ቀላል ጥገና ብልሃትን ቀደሙት። አውዲ ተራው የደረሰው በ1987 ሲሆን፣ ሃኑ ሚኮላ በትልቋ አውዲ 200 ኳትሮ አሸነፈ። የአፍሪካን መንገድ ከካታሎግ ለማንበብ ለሚሞክር ሰው ይህን ታሪክ ደጋግሞ ማስታወስ ይጠቅማል።

ኳትሮ አንድ አመል ነበራት። ከኩርባ ስትወጣ እንደ ተወርዋሪ ናት፤ ወደ ኩርባ ስትገባ ግን አፍንጫዋ ወደ ውጪ ይገፋል። ሞተሯ ከፊት እግሮቿ ቀድሞ መቀመጡ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው የጎማ ተፈጥሮ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ልክ አለው፣ ያንኑ አቅም ለመግፋት፣ ለመታጠፍና ለማቆም መከፋፈል አለበት። የፊት ጎማ እየጎተተ ይታጠፍ ከተባለ ለመታጠፉ የሚቀረው ያንሳል። ኒሳን በ1989 ባወጣው ስካይላይን ጂቲአር ላይ ያደረገው ይህን መቀልበስ ነው። መኪናዋ ወትሮ በኋላ እግሯ ትነዳለች፤ ኮምፒውተሩ መንሸራተት ሲያይ ብቻ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ጉልበት ወደ ፊት ይልካል።

እስከዚህ ድረስ ክፍፍሉ በፊትና በኋላ መካከል ነው። ቶርክ ቬክተሪንግ የሚባለው ቴክኖሎጂ የሚመጣው ጉልበቱ በግራና በቀኝ መካከል ሆን ተብሎ ሲበላለጥ ነው። የውጪው የኋላ ጎማ ከውስጠኛው አብልጦ ቢገፋ፣ በአንድ ወገን ብቻ የተቀዘፈች የጣና ታንኳ እንደምትዞር፣ መኪናዋም ወደ ኩርባው ውስጥ ትዞራለች። መሪው ሳይጨመር አፍንጫዋ ይገባል ማለት ነው። ሚትሱቢሺ በ1996 ላንሰር ኢቮሉሽን 4 ላይ፣ ሆንዳ በዚያው ዓመት ፕሪሉድ ላይ ይህን የሚሠሩ ማርሾችና ክላቾች አስገቡ። ሆንዳ በ2004 በሌጀንድ የጀመረው ስልት እስከ 70 ከመቶ የሚደርሰውን ጉልበት ወደ ኋላ ልኮ፣ ያን የኋላ ድርሻ እንዳስፈላጊነቱ ሙሉ በሙሉ ለውጪው ጎማ መስጠት ይችላል። አውዲና ቢኤምደብሊው በ2008 ተከተሉ። የፎርድ ፎከስ አርኤስ ደግሞ የኋላ ዲፈረንሻሉን ጨርሶ ትቶ ለግራና ለቀኝ አንዳንድ ክላች አደረገ።

ይህ ሁሉ ብረት ውድ ነው፣ ስለዚህ ርካሹ መንገድ ተፈለገ፤ ፍሬን። ቦሽና መርሴዲስ በ1995 ያወጡት የመረጋጊያ ስርዓት የየጎማውን ፍሬን ለብቻ መያዝ ይችል ነበርና፣ የውስጠኛውን ጎማ ፍሬን ትንሽ ነካ በማድረግ ተመሳሳይ ውጤት ተገኘ። ዛሬ በሽያጭ ወረቀት ላይ «ቶርክ ቬክተሪንግ» የሚል የተጻፈባቸው ብዙ መኪኖች ያላቸው ይህ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ የላስታ ዳገት ግን ይለያቸዋል። በፍሬን የሚሠራው ዘዴ ጉልበትን ወደ ሙቀት እየቀየረ የሚጥል ነው፣ ረጅም ጠመዝማዛ ላይ ደጋግሞ ሲሠራ ፍሬኑ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ራሱን ለማዳን እርዳታውን ያቆማል። ያው ፍሬን ደግሞ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያስፈልጋል።

ከፍታውም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ላይ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ማከፋፈያው ምንም ያህል ብልህ ቢሆን የሚያከፋፍለው ነገር አንሷል ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይህ ችግር የለም፤ ሞተሩ አየር አይተነፍስም። ለየጎማው አንድ ሞተር ከተሰጠ ደግሞ ዲፈረንሻሉም ክላቹም ይቀራል፣ ጉልበቱን በሺህኛ ሴኮንድ ውስጥ የሚያዘው ኮምፒውተር ይሆናል። የአሜሪካው ሪቪያን በ2021፣ የቢዋይዲው ያንግዋንግ ዩ8 በ2023፣ የመርሴዲስ ጂ 580 በ2024 በአራት ሞተር መጥተዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የግራና የቀኝ ጎማዎቻቸውን በተቃራኒ አዙረው ባሉበት መሽከርከር ይችላሉ፤ ቪዲዮ ላይ ያምራል፣ ገደል አፋፍ ላይ ምን እንደሚጠቅም ግን አልገባኝም።

ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ አዲስ አበባ በቮልስዋገን አይዲና በቢዋይዲ ተሞልታለች። ልብ ማለት የሚገባው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚነዱት በአንድ ሞተር፣ በፊት ወይም በኋላ እግር ብቻ መሆኑን ነው። ባለ ሁለት ሞተሮቹ በፊትና በኋላ ያከፋፍላሉ፤ በግራና በቀኝ ያለውን ሥራ አሁንም የሚሠሩት በፍሬን ነው። ለላስታ የሚስማማ አንድ ትልቅ ጥቅም ግን ሁሉም አላቸው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል፣ የፍሬን ሸራም ይተርፋል፤ ባትሪው ሞልቶ ወደ ቁልቁለቱ ካልተገባ በቀር። ክብደታቸውና ለመሬት የቀረበ ሆዳቸው፣ ከዚያም ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ከአዲስ አበባ ሲርቁ መሳሳቱ ገና ያልተመለሱ ጥያቄዎች ናቸው።

በመካከል ያሉት መኪኖች፣ ከሁሉ በፊት ራቭ ፎር፣ በብዛት ስለሚገዙ አንድ ቃል ይገባቸዋል። ከ2006 እስከ 2018 የተሠሩት ራቭ ፎሮች ጉልበት ወደ ኋላ የሚልኩት በአንድ ክላች አማካይነት ነው። ጭቃ ላይ ደጋግመው ሲታገሉ ያ ክላች ይግልና ይለቃል። ከ2019ኙ ሞዴል ወዲህ በአንዳንዶቹ ላይ ለግራና ለቀኝ የኋላ እግር የየራሱ ክላች ተሰጥቷል፤ ይህ እውነተኛው ቶርክ ቬክተሪንግ ነው፣ የሚላከውም እስከ ግማሽ ጉልበት ነው። ለገጠር የሚገዛ ሰው ግን ሱማሌ ተራ ውስጥ የሃርድ ቶፕ ዕቃ እንደሚገኘው የዚህኛው በቀላሉ አይገኝለትም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው የሚታሰር ዲፈረንሻልና ዝቅተኛ ማርሽ ዛሬም በላስታ ከማንኛውም ኮምፒውተር ይበልጣሉ፤ ቶርክ ቬክተሪንግ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ፍጥነት ባለበትና መሬቱ በሚይዝበት ኩርባ ነው። የሚታሰረው ዲፈረንሻልም ሆነ ቶርክ ቬክተሪንግ ግን አንድ ነገር ላይ አይረዱም። አራት እግር የሚነዳ መኪና በሁለት እግር ከሚነዳው ቀድሞ አይቆምም፤ ሁሉም መኪና የሚያቆመው በአራቱም ጎማ ነው። ዳገቱን በቀላሉ ያወጣው ፎር ዊል ቁልቁለቱ ላይ ተጨማሪ ፍሬን አይሆንም። ስለዚህ ለገና ወደ ላሊበላ፣ ከዚያም ወደ ገነተ ማርያም ልትወጡ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ስለ መኪናችሁ ብልሃት ከመጠየቃችሁ በፊት የጎማችሁን ጥርስና የፍሬን ሸራችሁን አስፈትሹ፤ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ።