ዐሥራ ሦስት ማሊያ የለበሰው ኳስ አቀባይ



አንዲት እኅታችን ሰሞኑን እንዲህ ስትል ጠየቀችን፤ «የምሠራበት ቤት ልጆች ማታ ማታ የአሜሪካንን ቅርጫት ኳስ ያያሉ። እኔም ልብስ እየተኮስኩ ዓይኔን ጣል አደርጋለሁ። ሁሉም እንደ ባሕር ዛፍ የረዘሙ ሆነው ሳለ ኳሱን ይዞ የሚመጣው ሁልጊዜ አጭሩ ለምንድን ነው? ደግሞም በጣቱ እያሳየ ሁሉንም ያዛል።» ጥያቄዋ ደስ ስላሰኘን የዛሬውን ዓምዳችንን ለእርሱ ሰጠነው።

ያ አጭር ሰው «ፖይንት ጋርድ» ይባላል። እኛ ኳስ አቀባይ እንበለው። አንድ ቡድን አምስት ሰው ያሰልፋል። ኳስ ካገኘ በኋላ በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት፤ ከዚያም ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰከንዶች የሜዳውን አጋማሽ ማለፍ ግዴታው ነው። በዚህች ጥቂት ጊዜ ኳሱ ለማን፣ በየት በኩል፣ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ኳስ አቀባዩ ነው። ስለዚህ የራሱን ሥራ ማወቁ አይበቃውም፤ የአራቱንም ሥራ ማወቅ አለበት። ማን በቀኝ በኩል ኳስ ሲመጣለት ይመቸዋል? ማን ዛሬ ደክሞታል? ኳስ ካገኘ ቆይቶ ያኮረፈውስ የትኛው ነው? አጭር መሆኑም አይጎዳውም፤ ኳሱን ዝቅ አድርጎ ስለሚያነጥር ከእጁ ለመንጠቅ ያስቸግራል።

በዚህ ሥራ ስማቸው የገነነ ብዙዎች አሉ። እኛ ግን የመረጥነው ኢሽ ስሚዝን ነው። ኮከብ ሆኖ አይደለም። በዚያ በአሜሪካው ትልቅ ሊግ፣ ማለትም በኤንቢኤ፣ እንደ እርሱ ከቡድን ወደ ቡድን የዞረ ተጫዋች ስላልነበረ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ስሚዝ በ1988 በሰሜን ካሮላይና ግዛት በሻርሎት ከተማ ተወለደ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ83 ነው፤ በእኛ መንደር ረጅም፣ በእነርሱ ሜዳ ግን አጭር ማለት ነው። እዚያው ግዛት በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተጫወተ። በ2010 ሲመረቅ የሊጉ ክለቦች ለ60 አዳዲስ ተጫዋቾች ዕጣ አወጡ፤ የእርሱ ስም ከስድሳዎቹ ውስጥ አልተጠራም። ሆኖም የሂዩስተን ክለብ በሙከራ ጠርቶት በዚያው ዓመት አስፈረመው።

እዚህ ላይ የዚያን አገር አሠራር ማስረዳት አለብን። ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የሚተላለፈው ውሉ ነው፤ ተጫዋቹ ውሉን ተከትሎ ይሄዳል። ከጥቂት ታላላቅ ተጫዋቾች በቀር «አልሄድም» የማለት መብት በውሉ ላይ ያለው ሰው የለም። ስልክ ይደወልለታል፣ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ በአዲሱ ከተማ ሐኪም ይመረምረዋል፣ ከዚያም ሌላ ማሊያ ለብሶ ይሰለፋል። ይህን ስናነብ የእናንተ ነገር ትዝ ሳይለን አልቀረም፤ ያላሰቡት ቤት፣ ያላወቁት ወጥ ቤት፣ እንደ አዲስ የሚለመድ የሰው ጠባይ። ግን አናመሳስለውም። እርሱ ደመወዙ ሳይቀነስ አብሮት ይዛወራል፣ የዕቃውን ማጓጓዣ ክለቡ ይከፍላል፣ ከ1954 ጀምሮ የቆመ የተጫዋቾች ማኅበር ይከራከርለታል። ፓስፖርቱም በራሱ ኪስ ነው።

ልውውጡ የሚዘጋው በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ስለሆነ ለስሚዝ ያ ወር የሻንጣ ወር ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 ወደ ሜምፊስ ተላከ። የዚያ ልውውጥ ዋናው ሰው ሼን ባቲየር የተባለ የታወቀ ተከላካይ ነበር፤ በምትኩ ወደ ሂዩስተን ከሄዱት አንዱ የዳሬሰላሙ ልጅ፣ 2 ሜትር ከ21 የሚረዝመው ሐሺም ታቢት ነው። ስሚዝ በመካከሉ የተጨመረ ምራቂ ነበር። ገበያ ስትወጡ ባለሱቁ በላይ ጣል እንደሚያደርጋት ማለት ነው። በ2011 መጨረሻ ጎልደን ስቴት ወሰደውና ጥቂት ጨዋታ ብቻ አጫውቶ አሰናበተው። በ2012 ኦርላንዶ፤ በፌብሩዋሪ 2013 እንደገና የሌላ ሰው ምራቂ ሆኖ ሚልዋኪ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ፊኒክስ። ፊኒክስ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2014 ተሰናበተ። ከዚያ ኦክላሆማ ሲቲ ገባ። በፌብሩዋሪ 2015 ወደ ኒው ኦርሊንስ ተላከ፤ ያም ክለብ አንድም ቀን ሳያሰልፈው ለቀቀው።

ለምን ይሆን ይህን ያህል የሚገፋው? ድክመቱ የታወቀ ነው፤ ከሩቅ ሲወረውር ኳሱ ብዙ ጊዜ ይስታል። በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ጨዋታው ሦስት ነጥብ ወደሚያስገኘው የሩቅ ውርወራ እያደላ ነበር። ታዲያ ለምን ተመልሶ ይፈለጋል? ፈጣን ነው፣ ኳስ በቀላሉ አይጥልም፣ ደመወዙም አይከብድም። ከሁሉ በላይ ግን አዲስ ቡድን በገባ በጥቂት ቀን የአምስቱንም ሰው ሥራ አውቆ ይገኛል። ለእኛ የሚመስለን፣ ያ ሁሉ መዞር ራሱ ሳያስተምረው አልቀረም።

ለዚህ ትልቁ ምስክር የፊላደልፊያ ታሪኩ ነው። ፊላደልፊያ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር ያደርግ ነበር። በሊጉ ደንብ ብዙ የተሸነፈ ክለብ በሚቀጥለው ዓመት ምርጥ አዳዲስ ልጆችን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ የክለቡ ኃላፊዎች ለጥቂት ዓመታት መሸነፍን እንደ ዕቅድ ያዙት፤ ልምድ ያለውን እየሸኙ ወጣቱን ብቻ ሰበሰቡ። ስሚዝ በ2015 መጀመሪያ ወደዚያ ገብቶ የውድድር ዘመኑን በጥሩ ሁኔታ ጨረሰ። ክረምቱ ሲመጣ ግን ክለቡ አላስቀረውም። ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ተቀነሰ። ኒው ኦርሊንስ አቀባዮቹ ተጎድተውበት ነበርና አንሥቶ አሰለፈው።

ፊላደልፊያስ? ያለ ኳስ አቀባይ ጀመረ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ረጃጅምና ጎበዞች ነበሩ፤ ነገር ግን ኳሱን በሚገባቸው ጊዜና ቦታ የሚሰጣቸው አልነበረም። 30 ጊዜ ተሸንፈው አንድ ጊዜ ብቻ አሸነፉ። ሠላሳ ለአንድ! ያን ጊዜ ክለቡ በነጻ የለቀቀውን ሰው ለመመለስ ሁለት የወደፊት የዕጣ ተራዎችን ለኒው ኦርሊንስ ከፈለ። ስምምነቱ የተፈጸመው ዲሴምበር 24 ቀን 2015፣ በፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። በሁለተኛው ቀን፣ ዲሴምበር 26፣ ስሚዝ ከፊኒክስ ጋር ተሰለፈ፤ ፊኒክስም በ2014 ያሰናበተው የቀድሞ ክለቡ ነው። ፊላደልፊያ በዚያ ቀን ሁለተኛ ድሉን አገኘ።

ተአምር ተፈጠረ አንልም። ቡድኑ ዓመቱን በ10 ድልና በ72 ሽንፈት ነው የጨረሰው። ግን ከዐሥሩ ዘጠኙ የመጡት እርሱ ከተመለሰ በኋላ ነው። ኔርለንስ ኖል የተባለው ወጣት ረጅም ተጫዋች ከእርሱ ጋር ሲሰለፍ ሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ዘልሎ እጁን ሲዘረጋ ኳሱ እዚያ ትጠብቀዋለች። ስሚዝ ራሱ በዚያ ዓመት በፊላደልፊያ በአማካይ በየጨዋታው 14.7 ነጥብ አስቆጥሯል፣ 7 ጊዜ ደግሞ ለሌሎች አመቻችቶ አቀብሏል። ያ ሁሉ ደክሞ ከሠራው ሥራ ውስጥ እኛን ያስደነቀን ያቺ ሰባት ናት።

በ2016 ዲትሮይት ለሦስት ዓመት በ18 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ከስድስት ዓመት መንከራተት በኋላ ሦስት ዓመት በአንድ ከተማ! ለዋናው አቀባይ ምትክ ሊሆን ነበር የገባው፤ ዋናው ግን ጉልበቱን ታሞ ስለነበር ውድድሩን በቋሚነት የጀመረው እርሱ ሆነ። ቀጥሎ ከ2019 እስከ 2021 በዋሽንግተን ቆየ።

በ2021 ሻርሎት አስፈረመው፤ የትውልድ ከተማው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ከተማ ሲጫወት ከኖረ በኋላ በአገሩ ልጆች ፊት መሰለፍ ምን እንደሚመስል እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አልቆየም፤ ፌብሩዋሪ 2022 ደረሰና እንደ ልማዱ ተለወጠ፣ እንደገና ወደ ዋሽንግተን። በዚያው ክረምት ዋሽንግተን ወደ ዴንቨር አሳለፈው።

ዴንቨር ዐሥራ ሦስተኛ ቡድኑ ሆነ። ከእርሱ በፊት በሊጉ ታሪክ ከ12 ቡድን በላይ የተጫወተ አልነበረም። ጋዜጦች እንደ ቀልድ አድርገው ጻፉት። በዴንቨር ብዙ አልተሰለፈም፤ ጃማል መሪይ የተባለ ዋና አቀባይ ነበራቸው፣ ኒኮላ ዮኪች የተባለው ግዙፍ ሰርቢያዊም ራሱ እንደ አቀባይ ኳስ የሚያድል ነው። ስሚዝ ብዙውን ጊዜ ከተቀያሪዎች ወንበር ላይ ሆኖ ይመለከት ነበር። ጁን 12 ቀን 2023 ዴንቨር ማያሚን 94 ለ 89 ረትቶ በአጠቃላይ 4 ለ 1 ዋንጫውን ወሰደ። ዴንቨር ሊጉን ከተቀላቀለበት ከ1976 ጀምሮ የመጀመሪያው ዋንጫው ነበር፤ ለስሚዝም እንዲሁ።

ከዋንጫው በኋላ ዴንቨር አላስቀረውም። በዚያው በ2023 የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ሻርሎት ዳግመኛ ጠራው፤ ዐሥራ አራተኛውን የውድድር ዘመኑንም በተወለደበት ከተማ ተጫወተ።

እኅታችን፣ ልጆቹ ማታ ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ ኳሱን ይዞ የሚመጣውን አጭር ሰው ዓይኑን ተመልከቺ። ኳሱን አያይም፤ አራቱን ነው የሚያየው።