የፈረስን ዓይን ለመታደግ የሐኪሞች ምክክር

በዓለም ላይ ፈረሶችን ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርጉ ሕመሞች ቀዳሚው እየተመላለሰ የሚያገረሽ የዓይን ውስጥ ብግነት ነው። ቀድሞ ከጨረቃ መሙላትና መጉደል ጋር ይመላለሳል ተብሎ ይታመን ስለነበር «የጨረቃ ዕውርነት» የሚል ስያሜ ወጥቶለታል።

ሕክምናውን የሚያከብደው መነሻው አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በአውሮፓ በብዙ ታማሚ ፈረሶች ዓይን ውስጥ ሌፕቶስፓይራ የተባለ ባክቴሪያ ይገኛል፤ በመሆኑም የጀርመን ሐኪሞች በዓይን ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ በቀዶ ሕክምና አውጥተው ይተካሉ። በአሜሪካ ደግሞ ሳይክሎስፖሪን የተባለውን መድኃኒት ቀስ በቀስ የሚለቅ ቅንጣት ዓይን ውስጥ በመቅበር፣ ዓይንን የሚያጠቃውን የራሱን የሰውነት መከላከያ ማብረድ ተለምዷል። አንዱን ፈረስ የረዳው ሕክምና ሌላውን ላይረዳ ስለሚችል፣ የሁለቱ አህጉር ስፔሻሊስቶች ከላቦራቶሪና ከዘረ መል ባለሙያዎች ጋር ውጤታቸውን እያነጻጸሩ ይመካከራሉ።

የመጀመሪያው ውሳኔ ግን ፈረሱ አጠገብ ባለው የእንስሳት ሐኪም እጅ ነው። ብግነትን የሚያበርደው የስቴሮይድ ጠብታ፣ የዓይኑ የፊት ሽፋን ቆስሎ ከሆነ ጉዳቱን ያባብሳል። ስለዚህ ሐኪሙ አስቀድሞ ቁስል አለመኖሩን በማቅለሚያ ያረጋግጣል፤ ከተጠራጠረም ስፔሻሊስት ያማክራል። ባለቤቱም ፈረሱ ዓይኑን ሲጨፍን ወይም ሲያነባ ካየ፣ የተረፈ ጠብታ ከመጨመር ይልቅ በዕለቱ ለሐኪም ቢያሳየው የዓይኑን ብርሃን ሊያተርፍለት ይችላል።