በአሻንጉሊት ውስጥ የመጣው ወረቀት

እ.ኤ.አ. በ1945 ጃፓን ተሸንፋ እጅ ስትሰጥ፣ ሻንጋይ ውስጥ ከተያዙት መካከል ሊ ሺያንግላን የምትባል የ25 ዓመት ተዋናይና ዘፋኝ ነበረች። ክሷ አገር መክዳት ነው፤ ቻይናዊት ሆና ሳለ ለወራሪው ፊልም ሠርታለች ተባለ። ለዚህ ማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1940 በወጣው «የቻይና ሌሊት» ፊልም፣ እሷ የምትጫወታት ቻይናዊት ወጣት ጃፓናዊው መርከበኛ በጥፊ ሲመታት ጭራሽ ትወደዋለች። ጃፓኖች የፍቅር ታሪክ ብለው ያዩትን ትዕይንት ቻይናውያን እንደ ስድብ ቆጠሩት።

የተከሳሿ መልስ አጭር ነበር፦ ቻይናዊት አይደለሁም። ዳኞቹ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ቻይንኛው ከአፏ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ፖስተሩም ጋዜጣውም ለዓመታት ቻይናዊት ሲላት ከርሟል።

እውነቱ ግን ወዲህ ነው። ትክክለኛ ስሟ ያማጉቺ ዮሺኮ ነው፤ በ1920 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ ማንቹሪያ ውስጥ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወለደች። አባቷ ለባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ቻይንኛ ያስተምሩ ነበር። የአባቷ ወዳጅ የሆኑ ቻይናዊ ጄኔራል፣ በእኛ አነጋገር የጡት አባት ሆነው፣ ሊ የሚለውን ስማቸውን ሰጧት። ሳንባዋን ታምማ ስለነበር ለትንፋሿ ይበጃል ተብሎ ዘፈን መማር ጀመረች፤ አስተማሪዋን ያገናኘቻት ሊዩባ የተባለች ሩሲያዊት የልጅነት ጓደኛዋ ናት። ዘፈኑ ወደ ሬዲዮ፣ ሬዲዮው ደግሞ ጃፓኖች ማንቹሪያ ላይ ወዳቋቋሙት የፊልም ድርጅት አደረሳት። ድርጅቱ የሚፈልገው ጃፓንን የምትወድ ቻይናዊት ኮከብ ነበር። ስለዚህ ትውልዷን ደበቀ። ማታለሉ ተሳክቶለት በ1941 ቶኪዮ ስትዘፍን ሰልፉ ቲያትር ቤቱን ሰባት ጊዜ ተኩል ዞረው ተባለ።

እስር ላይ ሳለች ሊያድናት የሚችለው የጃፓን የቤተሰብ መዝገብ ቅጂ ነበር። እሱ ደግሞ ቤጂንግ፣ ወላጆቿ ጋ ነው። ያመጣላት ማን ይመስላችኋል? ያችው ሊዩባ! ወረቀቱ በጃፓን አሻንጉሊት ውስጥ ተደብቆ ደረሰ። የሌላ አገር ዜጋ ቻይናን ከድታለች ሊባል አይችልምና በ1946 ተለቅቃ ወደ ጃፓን ተሸኘች።

የምታውቃት ሌላዋ ዮሺኮ፣ ካዋሺማ፣ ዕድል አልቀናትም። እሷ በትውልዷ የማንቹ ልዕልት ስትሆን ያሳደጋት ጃፓናዊ ነው። እሷም በአገር ክህደት ተከስሳ ጃፓናዊት ነኝ ብላ ተከራከረች፤ አሳዳጊዋ ግን በቤተሰብ መዝገቡ አላስገባትም ነበር። በ1948 በሞት ተቀጣች።

ያማጉቺ ፊልሙን አልተወችም። በ1950 በአኪራ ኩሮሳዋ ፊልም ከቶሺሮ ሚፉኔ ጋር ተወነች፤ ሆሊውድም ሸርሊ ያማጉቺ ብሎ ተቀበላት። በኋላ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ሆና ቬትናምንና ፍልስጤምን ዘገበች፤ ከ1974 ጀምሮም 18 ዓመት በጃፓን የላይኛው ምክር ቤት ተቀመጠች። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጥብኝ ሰባ ዓመት ካለፋት በኋላ የያዘችው ሥራ ነው፦ የጃፓን ጦር በግዳጅ ለወሲብ ባርነት ለዳረጋቸው ሴቶች ካሣ ለመስጠት የተቋቋመው የእስያ ሴቶች ፈንድ ምክትል ፕሬዚዳንትነት። በ2014 በ94 ዓመቷ አረፈች።