ፎቶው አለ፤ ስሙስ የት አለ?

ስለ ካህናት ምስል አሠራርና ታሪክ፣ ለእኛም ስለሚሰጠን ትምህርት

በገዴራም ሆነ በያቭኔና በቂርያት መላኺ በሚኖሩ የማኅበረሰባችን ቤተሰቦች ዘንድ፣ በግድግዳ ላይ ወይም በመሳቢያ ውስጥ የአንድ ቄስ ፎቶግራፍ አይጠፋም። ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ኩታ የለበሱ፣ ጭራ ወይም ዘንግ የያዙ አባት ናቸው። ብዙውን ጊዜ ግን ከፎቶው ጀርባ አንዲት ቃል እንኳን አልተጻፈም። የቤቱ አያት "እኒህማ የእኛ አገር ቄስ ናቸው፣ እኔን ያጋቡኝ እርሳቸው ናቸው" ብለው ስማቸውን ይጠራሉ። የልጅ ልጃቸው ግን ስሙን አያውቅም። አያት ያለፉ ዕለት ስሙም አብሮ ይቀበራል ማለት ነው።

የካህናትን ፊት በወረቀት ላይ አኑሮ ለትውልድ ማስተላለፍ በፎቶግራፍ የተጀመረ ነገር አይደለም። ካሜራ ከመምጣቱ በፊት በእንጨትና በመዳብ ላይ እየተቀረጸ ይታተም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያ ሥራ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ የአንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ፊት እንዴት በአውሮፓ መጽሐፍ እንደታተመ፣ በአሜሪካም የቦስተን ሰባኪዎች ምስል እንዴት እንደተሸጠ አስረዳለሁ። ከዚያም ወደ ራሳችን ቤት እንመለሳለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምስሉ እንዴት ይታተም ነበር?

የአንድን ሰው ፊት በብዙ ቅጂ ለማባዛት በዋናነት ሦስት መንገዶች ነበሩ።

የመጀመሪያው የእንጨት ቅርጽ ነው። ሠራተኛው ምስሉን በጣውላ ላይ ይነድፍና ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ክፍል በቢላ እየፈለፈለ ያወጣዋል። ጎልቶ የቀረው ክፍል ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ ወረቀት ይጫንበታል። ልክ በመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደሚመታው ማለት ነው።

ሁለተኛው የመዳብ ቅርጽ ነው። ይህ የፊተኛው ተቃራኒ ነው። በጠፍጣፋ መዳብ ላይ በሹል ብረት መስመር እየተቦረቦረ ምስሉ ይወጣል። መዳቡ በሙሉ ቀለም ይቀባና ላዩ በጨርቅ ይጠረጋል። በመስመሮቹ ውስጥ የገባው ቀለም ብቻ ይቀራል። እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ መጭመቂያ ሲያልፍ ወረቀቱ ቀለሙን ይመጠዋል። ቀለሙ በተወጋው ቦታ ብቻ ስለሚቀር ነገሩ የእናቶቻችንን ንቅሳት ይመስላል።

ሦስተኛው ሜዞቲንት ይባላል። በዚህኛው መዳቡ ጥርስ ባለው ብረት በሙሉ ይሻክራል። በዚያው ቢታተም ወረቀቱ ጥቁር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ፣ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ነጩን አንገትጌ፣ ቀስ እያለ እየፋቀ ያለሰልሰዋል። ፊቱ ከጨለማ ውስጥ እየወጣ ይመጣል። በሦስቱም መንገዶች ምስሉ ተገልብጦ ስለሚታተም፣ ከሥሩ የሚጻፈው ስም እንኳን በግልባጭ መቀረጽ ነበረበት።

የአማራው ካህን በጀርመን መጽሐፍ

አባ ጎርጎርዮስ ከአማራ ምድር፣ መካነ ሥላሴ ከተባለ ቦታ የወጡ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። የእኛ እምነት ካህን አልነበሩም። ይሁን እንጂ ታሪካቸው ለእኛም ይጠቅማል። ከኢትዮጵያ ወጥተው ሮም በሚገኘው የሐበሾች ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ሳሉ፣ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሊቅ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ የሚያናግረው ሰው ግን አልነበረውም። አባ ጎርጎርዮስ መምህሩ ሆኑ።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጀርመን ሄዱ። በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ሆነው ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሕግ፣ ቋንቋና ሕዝብ ለወራት ያህል ተጠየቁ፤ መለሱም። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን በ1658 በእስክንድሮና አቅራቢያ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ።

ሉዶልፍ አልረሳቸውም። በ1681 ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን ትልቅ ታሪክ ሲያሳትም መረጃውን ከማን እንዳገኘ በስማቸው ተናገረ። በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም መሠረታቸው የአባ ጎርጎርዮስ ትምህርት ነው። በ1691 በወጣው የታሪኩ ማብራሪያ መጽሐፍ ደግሞ ምስላቸው ታተመ። ቀራጩ ኤልያስ ክሪስቶፍ ሃይስ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ሃይስ የተወለደው በ1660፣ ማለትም አባ ጎርጎርዮስ ከሞቱ በኋላ ነው። ስለዚህ በዓይኑ ያላያቸውን ሰው ነው የቀረጸው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። በዚያ ዘመን በአውሮፓ መጻሕፍት ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ሲሳሉ በአብዛኛው "አንድ ሐበሻ"፣ "አንዲት ጥቁር ሴት" እየተባሉ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ስም ያላቸው ሰው ሆነው ቀሩ። ይህ የሆነው የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት ሳለ ስማቸውን ስለጻፈ ነው።

የቦስተን ሰባኪዎች

በዚያው መቶ ዘመን ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ፒዩሪታን የተባሉ ክርስቲያኖች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በጸሎት ቤታቸው ውስጥ ሥዕል አይፈቅዱም ነበር። በዚህ ነገር ከእኛ አባቶች ጋር ይቀራረባሉ። በኢትዮጵያ የክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ሲሆን፣ የእኛ መስጊድ ግን ምስል አልነበረበትም።

የሚገርመው ግን በዚያ ቅኝ ግዛት እንደተቀረጸ የሚታወቀው የመጀመሪያው የሰው ምስል የአንድ ሰባኪ መሆኑ ነው። ሰውየው በ1669 ያረፈው የዶርቼስተር ሰባኪ ሪቻርድ ማዘር ነው። መዝሙረ ዳዊትን ከዕብራይስጥ ወደ እንግሊዝኛ ከተረጎሙትና በ1640 ካሳተሙት ሰባኪዎች አንዱ ነበር። በ1670 ገደማ ጆን ፎስተር የተባለ ወጣት የትምህርት ቤት መምህር ምስሉን በእንጨት ቀረጸው። ሽማግሌው በአንድ እጁ መጽሐፍ፣ በሌላው መነጽር ይዟል። ሥራው ሻካራ ነው፤ ግን ማን እንደሆነ ይታወቃል።

የልጅ ልጁ ኮተን ማዘር ደግሞ በ1728 ሲሞት፣ ፒተር ፔልሃም የተባለ ከለንደን የመጣ ባለሙያ ምስሉን በሜዞቲንት አሳተመ። ይህም በአሜሪካ የመጀመሪያው ሜዞቲንት ነው። ፔልሃም ገዢዎችን አስቀድሞ እያስመዘገበ ነበር የሸጠው። ምእመናን የሚወዱትን ሰባኪ ፊት ገዝተው በቤታቸው ሰቀሉ። ከምስሉ ሥር ምን ተጽፏል? ስሙ፣ ማዕረጉ፣ ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያንና ከተማ፣ ዕድሜው፣ ዓመቱ፣ እንዲሁም ምስሉን የሠራው ሰው ስምና ሰውየውን በአካል አይቶ የሳለው መሆኑ። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ማንም አይሳሳትም።

ጽሑፉ ባይኖር ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከዚያው ከተማ አለ። ፔልሃም በ1751 ከሞተ በኋላ የእንጀራ ልጁ ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ ዕቃውን ወረሰ። በ1753 ገና የ15 ዓመት ገደማ ልጅ ሳለ የሰባኪውን የዊልያም ዌልስቲድን ምስል ማተም ፈለገ። አዲስ መዳብ ከመሥራት ይልቅ የእንጀራ አባቱ የሌላ ሰባኪ፣ የዊልያም ኩፐርን ምስል የቀረጸበትን መዳብ ወሰደና ፊቱንና ስሙን ፍቆ ለወጠ። ልብሱና አካሉ የቀድሞው ሰው እንደነበረ ቀረ። ካህን በልብሱ ብቻ ከታወቀ፣ አንዱ በሌላው ቢተካ ማን ያውቃል?

አንድ ነገር ልጨምር። ኮተን ማዘር ባሪያ አድርጎ የያዘው ኦኔሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ነበር። ከፈንጣጣ ቁስል ጥቂት ወስዶ በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ በመክተብ በሽታውን መከላከል እንደሚቻል ለማዘር የነገረው እርሱ ነው። በ1721 ፈንጣጣ ቦስተንን ሲመታ ማዘር ይህን ዘዴ አስተዋወቀ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም ተረፈ። የማዘር ፊት በመዳብ ተቀረጸ። የኦኔሲመስን ፊት ግን የቀረጸ አልነበረም። ስሙ የተረፈው ማዘር በጽሑፍ ስላስቀመጠው ብቻ ነው።

የእኛ ቄሶች ምስል ለምን አልታተመም?

እጅ አጥተን አይደለም። በአውሮፓ የመዳብ ቅርጽ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወርቅና ከብር አንጥረኞች እጅ የወጣ ሙያ ነው። የእኛ አባቶችም ብረት ቀጥቃጭና አንጥረኛ ነበሩ፤ ማረሻውንና ቢላውን ለአገሩ ሁሉ ይሠሩ ነበር፤ በዚሁ ሙያቸው "ቡዳ" እየተባሉ ተሰደቡበት እንጂ። የጠፋው ማተሚያ ነው። በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 ሮም ቢታተምም፣ ማተሚያ ቤት ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ኦሪታችን በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ ነበር።

ስለዚህ የቤተ እስራኤል ምስል በመጀመሪያ የታተመው በእንግዶች መጽሐፍ ነው። ከቀደሙት አንዱ በ1862 ለንደን የታተመው የሄንሪ አሮን ስተርን መጽሐፍ ሲሆን፣ የሰዎችና የቦታዎች 20 ቅርጾች አሉበት። ስተርን የመጣው ግን ሃይማኖታችንን ሊያስለውጥ ነበር። በ1904 ዶክተር ያዕቆብ ፋይትሎቪች መጡ፤ በጉዟቸው የተነሡ ፎቶግራፎችንም በመጻሕፍታቸው አሳተሙ። የእርሳቸው ስብስብ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጎብኚዎች፣ ተመራማሪዎችና ጋዜጠኞች ቄሶቻችንን ፎቶ አንሥተዋል። እስራኤል ከገባን በኋላም በየዓመቱ በሲግድ ዕለት በኢየሩሳሌም ባለ ጥልፍ ጥላ የያዙ ቄሶች ፎቶ በየጋዜጣው ይወጣል። ከሥሩ የሚጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ "ኢትዮጵያዊ ቄስ በሲግድ በዓል" የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ተገለበጠ። በ1862 ሕዝቡን እየመሩ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የተነሡትን የአባ ማህሪን ስም እስከ ዛሬ የምንጠራው ምስል ስላላቸው አይደለም፤ አባት ለልጅ ስለነገረ ነው። ያኔ ፊቱ ባይኖርም ስሙ ነበረ። ዛሬ ደግሞ ፊቱ በያንዳንዱ ስልክ ውስጥ አለ፣ ስሙ ግን የለም።

በሶሻል ወርከርነት ሥራዬ ወደ ቤተሰቦች ስገባ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። አንዱ ምክንያት የስም መለወጥ ነው። ብዙዎቻችን ወደ አገር ስንገባ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠን፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ፤ አንዳንድ ወንድማማቾች እንኳን በተለያየ ስም ተጻፉ። በመታወቂያው ላይ ያለውና በመንደር የሚጠራው ስም ስለማይገጣጠም ልጆች የአያታቸውን ፎቶ ከአያታቸው ታሪክ ጋር ማገናኘት ይቸግራቸዋል። ወጣቱ "እኛ ታሪክ የለንም" ሲል ስንሰማ እናዝናለን። ታሪኩ ግን መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ገዴራን በ1884 የቆረቆሩት ቢሉዪም ጥቂት ወጣቶች ነበሩ። ዛሬ ታሪካቸው በከተማዋ በሚገባ ይታወቃል፤ በትምህርት ቤትም ይነገራል። ይህ የሆነው ጽፈው ስላስቀመጡ ነው። እኛም በዚሁ ከተማ የምንኖር ነን።

ከፎቶው ጀርባ ምን ይጻፍ?

ከቦስተኑ ሜዞቲንት ሥር የተጻፈውን ወደ እኛ ሁኔታ ብናመጣው የሚከተለውን ይመስላል፦

1. የቄሱ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ በአገር ቤት የሚጠሩበትና በመታወቂያ ላይ ያለው ሁለቱም።

2. የትውልድ መንደርና አውራጃ፤ ወገራ፣ ደምቢያ፣ ሰሜን፣ ቋራ፣ ትግራይ ወይም ሌላ።

3. ከማን ተማሩ? ማን ካህንነት ሾማቸው? የት አገለገሉ?

4. ወደ እስራኤል የገቡበት ዓመትና የኖሩበት ከተማ፣ ካረፉም የት እንደተቀበሩ።

5. ፎቶው የትና መቼ ተነሣ? ማን አነሣው? አብረው ያሉት እነማን ናቸው?

ጽሑፉ በአማርኛና በዕብራይስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ አማርኛው ለትክክለኛው አጠራር፣ ዕብራይስጡ ለልጆቻችን። በፎቶው ጀርባ ሲጻፍ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ በጠርዙ ላይ ይሁን። እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ይሰርጋል፤ ፕላስተርም ወረቀቱን ያበላሻል። በስልክ ያለ ከሆነ ስሙን ከፎቶው ጋር ጽፎ ለሁለትና ለሦስት ዘመድ መላክ ጥሩ ነው። ዋናውን ፎቶ ለማንም አሳልፎ መስጠት አያስፈልግም፤ ቅጂው ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚፈልጉ በኢየሩሳሌም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ያድ ቤን ጽቪ አሉ።

ለወላጆችና ለወጣቶች አንድ ምክር አለኝ። በመጪው ሰንበት ወይም በዓል ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ፎቶዎቹን አውጡና ከአያቶቻችሁ ፊት ዘርጉ። "ይህ ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አያት ይናገሩ፣ ልጅ ይጻፍ። ካልተስማሙም ሁለቱንም አባባል ጻፉ። ለዚህ ሥራ መዳብም፣ ማተሚያም፣ መስፍንም አያስፈልግም። እርሳስና የሚናገሩ ሽማግሌ ብቻ ናቸው የሚያስፈልጉት፤ ሽማግሌዎቻችን ደግሞ በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።