የዘፈን ደረጃ ይቆጥሩ የነበሩት ራዲዮ ጣቢያዎች የት ደረሱ?

«ራዲዮ ጣቢያ የሚነግደው ምንድን ነው?» ተብለን ብንጠየቅ፥ ብዙዎቻችን «ዘፈንና ወሬ ነው» ብለን መመለሳችን አይቀርም። ዳሩ ግን ዘፈኑም ወሬውም ለአድማጩ በነጻ የሚታደል ነው። ጣቢያው የሚሸጠው የአድማጩን ጆሮ ሲሆን፥ ገዢውም ማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ነው። ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ የግል ራዲዮ ጣቢያዎች ዘንድ ብዙ ጆሮ የሰበሰበው ነገር በየሳምንቱ የሚወጣው የዘፈን ደረጃ ነበር፤ ይኸውም በሳምንቱ ውስጥ በብዛት የተሸጡትን ሸክላዎች ከመጨረሻው ተራ ጀምሮ ወደ ላይ እየቆጠሩ እስከ አንደኛው ድረስ ማሰማት ነው። እነዚያ ጣቢያዎች ዛሬ የት ደረሱ? አንቴናቸውና የአየር ሞገዳቸው አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ በመደርደሪያቸው ላይ ያለው ዕቃ ግን ሌላ ሆኗል። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሱቅና የመጋዘን ታሪክ ስለሆነ፥ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ይስማማል ብዬ አስቤአለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ገና ከጥንቱ በነጋዴ ገንዘብ የቆመ ነበር። በ1935 «ዩር ሂት ፓሬድ» የተባለው ሳምንታዊ ፕሮግራም በአሜሪካ ሲጀመር፥ ወጪውን የሚከፍለው ለኪ ስትራይክ የተባለውን ሲጋራ የሚሠራው የአሜሪካ ትምባሆ ኩባንያ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የሚሰማው ሸክላ ሳይሆን፥ በስቱዲዮው ተሰብስቦ የሚጫወተው የሙዚቃ ጓድ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ፥ ትያትሩም ቀልዱም ከራዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተዛወረ፤ ራዲዮም ዕቃው እንደ ተራቆተ ሱቅ ሆኖ ቀረ።

ያን ባዶ መደርደሪያ የሞሉት፥ ከቢራ ጠማቂ ቤተ ሰብ የተወለዱት ሚስተር ቶድ ስቶርዝ ናቸው። እርሳቸውና አባታቸው በኦማሃ ከተማ የሚገኘውን ኬ ኦ ደብልዩ ኤች የተባለ ጣቢያ በ1949 ገዝተው ነበር። ሚስተር ስቶርዝ በመጠጥ ቤት ያለውን፥ ሳንቲም ሲከቱበት የሚዘፍነውን የሸክላ ማጫወቻ ተመልክተው፥ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ እንደሚያስመጣ አስተዋሉ ይባላል። ከዚህም የተነሣ ጣቢያቸው ብዙ ዓይነት ዘፈን ጥቂት ጥቂት ጊዜ ከማሰማት ይልቅ፥ ጥቂት ዘፈኖችን ብዙ ጊዜ ማሰማት ጀመረ። በዳላስ ከተማም ሚስተር ጎርደን ማክሌንደን ይህንኑ መንገድ ይዘው ተሳካላቸው። አሠራሩ «አርባ ምርጥ» ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተስፋፋ። የማይሸጠውን ዕቃ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚሸጠውን ብቻ መደርደር ማንም ባለሱቅ የሚያውቀው ጥበብ ነው፤ ለራዲዮ ሰዎች ግን አዲስ ነገር ሆኖባቸው ነበር።

ዝርዝሩ እንዴት ይዘጋጅ እንደ ነበር ማወቁ ደስ ያሰኛል። በየሳምንቱ የጣቢያው ሠራተኞች በከተማው ወደሚገኙት ሸክላ መሸጫ ሱቆች ስልክ እየደወሉ፥ የትኛው ሸክላ እንደ ተሸጠ ይጠይቃሉ። መልሱም ተደምሮ ተራ ከወጣለት በኋላ በአንዲት ወረቀት ይታተማል። ወረቀቱ እንደገና ወደዚያው ሱቅ ተመልሶ፥ ሒሳብ ከሚከፈልበት ጠረጴዛ ላይ በነጻ ይቀመጣል። ወጣቱ ወረቀቱን ያነሣል፥ አንደኛ የወጣውን ያያል፥ ሸክላውን ይገዛል፤ ግዢውም በሚመጣው ሳምንት ዝርዝር ውስጥ ይቆጠራል። በዚህ ዓይነት ሱቁ ለጣቢያው መዝገቡን ያበድራል፥ ጣቢያውም ለሱቁ ደምበኛ ይልካል። እኔ የዕለት ሽያጭ መዝገብ በመያዝ የምተዳደር ሰው ነኝና፥ ይህን ያህል ርካሽና ይህን ያህል የሠመረ የንግድ ውል ብዙ አላየሁም።

ነገር ግን ውሉ በቃል ላይ የቆመ ነበር። አንድ ሻጭ በመጋዘኑ የተቆለለበትን ሸክላ «እንደ ጉድ እየተሸጠ ነው» ብሎ በስልክ ቢናገር፥ መዝገቡን ገልጦ የሚመረምረው አልነበረም። ከዚህ የባሰው ግን ጉቦው ነው። ሸክላ አሳታሚዎች ዘፈናቸው ደጋግሞ እንዲሰማ ለአቅራቢዎች በስውር ገንዘብ ይሰጡ ስለ ነበር፥ ነገሩ በ1959 በገሃድ ወጣ። «ሮክ ኤንድ ሮል» የተባለውን ስም በማስፋፋት የታወቁት ሚስተር አለን ፍሪድ በዚያን ጊዜ ይሠሩ የነበረው በኒው ዮርክ በደብልዩ ኤ ቢ ሲ ነበር። «ገንዘብ ተቀብዬ አላውቅም» የሚል ወረቀት ፈርሙ ቢባሉ እምቢ በማለታቸው፥ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከሥራ ተሰናበቱ። በ1962 በንግድ ጉቦ ጥፋተኛነታቸውን አምነው 300 ዶላር ተቀጡ። የአሜሪካ ኮንግረስም በ1960 ባወጣው ሕግ፥ ለአድማጩ ሳይገለጥ ገንዘብ ተቀብሎ ዘፈን ማሰማትን እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አንድ ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ልብ በሉ፤ ሕጉ የከለከለው ክፍያውን ሳይሆን ክፍያውን መደበቁን ነው።

ደረጃ በመቁጠር ከታወቁት ሁሉ ሁለቱ ኃያላን ጣቢያዎች በተለይ ሊጠቀሱ ይገባቸዋል። አንዱ በቺካጎ የሚገኘው ደብልዩ ኤል ኤስ ነው። ይህን ጣቢያ በ1924 ያቋቋመው ሲርስ ሮበክ የተባለው ታላቅ የንግድ ቤት ሲሆን፥ ሦስቱ ፊደላትም በእንግሊዝኛ «የዓለም ትልቁ መደብር» የሚለውን ቃል የሚያሳጥሩ ናቸው። ንግድ ቤቱ ለገበሬዎች በፖስታ ዕቃ ይሸጥ ስለ ነበር፥ ራዲዮኑንም የሠራው ለእነርሱ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ለአንድ የእርሻ ጋዜጣ ሸጠው። ጣቢያው በ1960 በግንቦት ወር የገበሬውን ፕሮግራም ትቶ ለወጣቶች አርባ ምርጥ ማሰማት ጀመረ፤ በዚያው ዓመትም «ሲልቨር ዶላር ሰርቬይ» የተባለችውን የደረጃ ወረቀት ማውጣት ያዘ። ሁለተኛው ከላይ የጠቀስሁት ደብልዩ ኤ ቢ ሲ ነው። እርሱም በ1960 መጨረሻ መንገዱን ለውጦ፥ ከ1963 ጀምሮ በሚስተር ሪክ ስክላር አመራር እጅግ አጭር ዝርዝር ይዞ ገሠገሠ። በ1964 ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ዘፋኞች ኒው ዮርክ በገቡ ጊዜ፥ ጣቢያው በደስታ ብዛት የገዛ ስሙን «ደብልዩ ኤ ቢትል ሲ» እያለ ይጠራ ነበር።

ሁለቱም ጣቢያዎች ጉልበታቸው 50,000 ዋት ስለ ነበር፥ በሌሊት ሞገዳቸው ከላይኛው አየር እየተንጸባረቀ ብዙ ክፍላተ ሀገርን ያዳርስ ነበር። ይህ ለስም ጥሩ ነው፤ ለገንዘብ ግን ያን ያህል አይደለም። በኒው ዮርክ አንድ የጫማ ሱቅ ያለው ሰው ማስታወቂያውን በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት የሚኖር ሰው ቢሰማለት ጫማ አይሸጥለትም። ኤፍ ኤም የተባለው አዲሱ ስልት በመጣ ጊዜ የታየው ይኸው ነው። ኤፍ ኤም ሩቅ አይሄድም፤ ከተማውንና ዙሪያውን ብቻ ይሸፍናል። ድምፁ ግን የጠራ ነው፥ ከ1961 ጀምሮም በስቴሪዮ እንዲያስተላልፍ ተፈቅዶለታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በትልልቅ ከተሞች ያሉ ባለንብረቶች በኤፍ ኤም ሞገዳቸው የመካከለኛውን ሞገድ ፕሮግራም እንዲሁ ቃል በቃል እንዳይደግሙ ስለ ከለከለ፥ ባዶው ሞገድ በአዲስ ዘፈን ተሞላ። በ1978 በሐምሌ ወር ደብልዩ ኬ ቲ ዩ የተባለው የኒው ዮርክ ኤፍ ኤም ጣቢያ ፊቱን ወደ ዲስኮ ዘፈን ባዞረ በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በአድማጭ ብዛት ደብልዩ ኤ ቢ ሲን ቀደመው። ጥራቱ የተሻለ ዕቃ እዚያው ሰፈር ተከፍቶ፥ ያውም በነጻ ሲታደል፥ የቀድሞው ደምበኛ ለትዝታ ሲል አይቆይም።

በዚሁ ዘመን ሌላም ለውጥ መጥቶ ነበር፤ አስመጪዎች ይህን በሚገባ ይረዱታል። በ1970 ሐምሌ 4 በሚውልበት ሳምንት መጨረሻ «አሜሪካን ቶፕ ፎርቲ» የተባለ፥ በሚስተር ኬሲ ኬሰም የሚቀርብ ፕሮግራም በሰባት ጣቢያዎች ብቻ ተጀመረ። ዝርዝሩ ቢልቦርድ ከተባለው የንግድ መጽሔት የተወሰደ ነው፤ ሙሉ ፕሮግራሙ ተቀድቶ፥ በሸክላ ታትሞ፥ ተጠቅልሎ በየሳምንቱ ለጣቢያዎቹ ይላክ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሚያሰሙት ጣቢያዎች ከ500 አልፈዋል። ስለዚህ አንድ ጣቢያ በራሱ ከተማ ሱቆች መዝገብ ያመርት የነበረውን ዝርዝር ትቶ፥ ተሠርቶ ያለቀለትን ከውጭ ማስመጣት ያዘ ማለት ነው። ርካሽ ነው፥ አያደክምም፤ ነገር ግን ጎረቤት ጣቢያም ያንኑ ሊያስመጣ ይችላል። በየከተማው ያለው የሱቅ ጸሐፊ ስልክም መደወሉን እያቆመ ሄደ። በ1991 ደግሞ ቢልቦርድ በዕቃው ላይ ያለውን ባር ኮድ በመሣሪያ እያነበበ የሚቆጥረውን አሠራር ሲጀምር፥ የገጠር ዘፈንና የራፕ ሸክላዎች በቃል ሲነገር ከነበረው ይልቅ እጅግ ይሸጡ እንደ ነበር ተገለጠ። መዝገብ በአፍ ሲነገርና መዝገብ ሲቆጠር ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

የሌሎቹን ዕጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። በሎስ አንጀለስ ከ1965 ጀምሮ ሠላሳ ዘፈኖችን እየመረጠ ከተማውን የገዛው ኬ ኤች ጄ በ1980 ወደ ገጠር ዘፈን ዞረ፤ ከብዙ መለዋወጥ በኋላም ዛሬ የካቶሊክ ሃይማኖት ትምህርት የሚሰማበት ሞገድ ሆኗል። የቶሮንቶው ቸም የደረጃ ወረቀቱን ከ1957 እስከ 1986 ድረስ ሳያቋርጥ አውጥቶ፥ በመጨረሻ ሞገዱ ለስፖርት ወሬ ዋለ። በአፍሪካችን የነበረው ግን በመንግሥት ለውጥ የተዘጋ ነው። በሞዛምቢክ፥ ዛሬ ማፑቶ በምትባለው በሎሬንሶ ማርኬስ፥ ከ1936 ጀምሮ በእንግሊዝኛ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያስተላልፍ የንግድ ራዲዮ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ራዲዮ ብዙ ዓመት ማስታወቂያ ስለማይቀበል፥ የጆሃንስበርግ ነጋዴዎች ድንበር ተሻግረው የአየር ሰዓት ይገዙ ነበር፤ እሑድ ማታ የሚወጣው የዘፈን ደረጃውም ዝነኛ ነበር። ሞዛምቢክ በ1975 ነጻ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ፥ በጥቅምት 12 ቀን ጣቢያው ተዘጋ። አድማጩ ግን አልጠፋም፤ በደቡብ አፍሪካ ራዲዮ 5 የተባለው ጣቢያ ወዲያውኑ ተተክቶ ተረከበው።

ወደ ሁለቱ ኃያላን እንመለስ። ደብልዩ ኤ ቢ ሲ በ1982 በግንቦት 10 ቀን፥ ከቀኑ በስድስት ሰዓት፥ ሙዚቃውን አቆመ። ለብዙ ዓመት ያገለገሉት ሚስተር ዳን ኢንግራምና ሚስተር ሮን ለንዲ የመጨረሻውን ፕሮግራም አብረው አቅርበው፥ የጆን ሌነንን «ኢማጂን» አሰምተው ተሰናበቱ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጣቢያው የንግግርና የክርክር ጣቢያ ሆነ። ደብልዩ ኤል ኤስም በ1989 በነሐሴ ወር ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ምርጫው ብልኅነት የነበረበት ነው። የሰው ንግግር የስቴሪዮ ጥራት አይፈልግም፤ ሩቅ የሚሄደው አሮጌ ሞገድ ለዚህ ይበቃል። መንግሥት የሁለት ወገን አስተያየት እንዲሰማ የሚያስገድደውን ደንብ በ1987 ከሻረው በኋላ፥ በዓመቱ ሚስተር ረሽ ሊምቦ በአገር ሙሉ የተሰማውን የፖለቲካ ንግግራቸውን የጀመሩት ከዚሁ ከደብልዩ ኤ ቢ ሲ ነው። ወጣቱን አጥቶ የነበረው ሱቅ ሽማግሌውን ደምበኛ አገኘ።

እንዲህም ሆኖ፥ የመካከለኛው ሞገድ ዋጋ እየወደቀ መሄዱ አልቀረም። በ2019 ደብልዩ ኤ ቢ ሲ ለሽያጭ ሲቀርብ የተዋዋሉበት ዋጋ 12.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በአሜሪካ በትልቁ ከተማ ውስጥ፥ በ50,000 ዋት ጉልበት ለሚያስተላልፍ፥ ስሙ በዓለም ለታወቀ ጣቢያ ይህ ትንሽ ገንዘብ ነው። ገዢው ሚስተር ጆን ካትሲማቲዲስ ናቸው፤ በግሪክ ደሴት ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ ኒው ዮርክ የመጡ፥ ግሪስቲድስ የተባሉት የምግብ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ባለቤት። ጣቢያውን በ2020 በመጋቢት ወር ተረከቡ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር፥ በ1960ዎቹ በዚያው ሞገድ ላይ የወጣቶች ተወዳጅ የነበሩትን፥ «የአጎት ልጅ ብሩሲ» እየተባሉ የሚጠሩትን ሚስተር ብሩስ ሞሮውን መልሰው ጠሯቸው፤ ሥራቸውም በቅዳሜ ማታ የድሮ ዘፈኖችን ማሰማት ነበር። የሥራ ቀኑን ንግግር ግን ባለመደብሩ እንዳለ ተዉት።