ለተበታተነ ሰራተኛ ምን ዓይነት ቴክኖሎጂ ይመረጥ? መልሱ ጤና ኬላ ውስጥ አለ

«ከርቀት መስራት» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን አዲስ አበባ ተቀምጦ በላፕቶፕ ለውጭ ድርጅት የሚሰራ ወጣት ነው። ግን እኛው አካባቢ ከ20 ዓመት በላይ ተበታትኖ ሲሰራ የኖረ ሰራተኛ አለ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች።

ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም ሲጀመር የታሰበው በአንድ የገጠር ቀበሌ አንድ ጤና ኬላ፣ በአንድ ጤና ኬላ ደግሞ ሁለት ባለሙያ እንዲኖር ነበር። ሁለቱ ባለሙያዎች እስከ 5 ሺህ ሕዝብ ያገለግላሉ። የወረዳው ጽሕፈት ቤት መካነ ኢየሱስ ነው፣ ዞኑ ደብረ ታቦር። ሰራተኞቹ ያሉት ግን ከጉና ደጋ እስከ አባይ ቆላ ድረስ ነው። አለቃና ሰራተኛ በየቀኑ አይገናኙም።

ቀድሞ ሁሉም ነገር በወረቀት ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት «የቤተሰብ ማህደር» ይከፈታል፤ ማን እርጉዝ እንደሆነች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረው እዚያ ይጻፋል። ጤና ሚኒስቴር ይህን ማህደር ወደ ታብሌት ሲያመጣው ኮምኬር በሚባል ሶፍትዌር ላይ የተሰራ አፕ መረጠ። ትልቁ ነገር ምንድነው? አፕሊኬሽኑ ያለ ኢንተርኔት ይመዘግባል። ባለሙያዋ ቤት ለቤት ስትዞር የሞላችው መረጃ ታብሌቱ ላይ ይቀመጣል፤ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ወደ ዋናው ቋት ይላካል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኢንተርኔት ከሌለ ጨርሶ የማይከፈት አፕ ቢሆን ኖሮ፣ የእናትየዋ የክትትል ቀን ራሱ አይታይም ነበር።

ይሁን እንጂ ያለ ኢንተርኔት መስራት የራሱ ጣጣ አለው። ያልተላከ መረጃ ያለው ታብሌቱ ላይ ብቻ ነው። ታብሌቱ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ መረጃውም አብሮ ይጠፋል። ጤና ጣቢያውም እስኪላክለት ድረስ አዲሱን ነገር አያውቅም። ስለዚህ አስቸኳይ ነገር፣ ለምሳሌ ምጥ የጠናባት እናት፣ በአፕ አይጠበቅም፤ ስልክ ይደወላል።

ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ዩኒየን ወይም ድርጅት ብትሆኑም ለመስክ ሰራተኛ መሳሪያ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1. ኔትወርክ ከሌለ ይሰራል? አሳዩን በሏቸው። ስልኩን ከኔትወርክ አውጥታችሁ ሙሉ ቀን ሞክሩት።

2. ቻርጅ የት ይደረጋል? መብራት ለሌለበት ቀበሌ ታብሌት ያለ ሶላር መስጠት ግማሽ ስራ ነው።

3. በአማርኛ ነው? ሰራተኛው እየተረጎመ የሚሞላው ቅጽ ስህተት ይበዛበታል።

4. ስራ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? ወረቀቱም ታብሌቱም እኩል ከተጠየቀ አንድ ስራ ሁለት ጊዜ ተሰራ ማለት ነው። የቱ ዋና፣ የቱ መጠባበቂያ እንደሆነ ከመጀመሪያው ይለይ።

5. ምስጢር ይጠብቃል? ቴሌግራም ስብሰባ ለመጥራት ይመቻል። የታካሚ ስምና ምርመራ ግን ግሩፕ ላይ የሚለጠፍ ነገር አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው።

6. ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መልሱ «አዲስ አበባ ይላካል» ከሆነ፣ ተመልሶ እስኪመጣ ሰራተኛው በምን እንደሚሰራ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ባጭሩ፣ መሳሪያ የሚመረጠው ዋይፋይ ባለበት ቢሮ ለተቀመጠው ኃላፊ እንዲመች አይደለም። የመጨረሻው ቀበሌ ላይ ያለችው ባለሙያ፣ ኔትወርክ በጠፋበት ቀን፣ ትሰራበታለች ወይ? እሷ ከሰራችበት ሌላው ሁሉ ይሰራበታል።