በልብ ያለውን በማስረጃ፦ የሥራ ቦታ መድልዎ በአሜሪካ ችሎቶች

እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል፣ አሠሪ ሠራተኛውን በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በሃይማኖቱ፣ በፆታው ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ዛሬ ሕጉ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ይመለከታል። ክልከላው አያሻማም፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከማስረጃው ነው። «ጥቁር ስለሆንክ አልቀጥርህም» ብሎ በደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ ሕጉ ከወጣ ወዲህ እምብዛም አይገኝም። የስንብት ደብዳቤው የሚያወሳው የሥራ ድክመትን፣ ማርፈድን ወይም የመዋቅር ለውጥን ነው። በሰው ልብ ያለ ምክንያት በምን ይረጋገጣል? የማስረዳት ሸክሙስ መቼ ከሠራተኛው ወደ አሠሪው ይዞራል? ፍርድ ቤቶቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተመላለሱት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ትልቅ መልስ የመጣው ከአንድ የሰሜን ካሮላይና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው። ዱክ ፓወር የተባለው ኩባንያ በዳን ሪቨር ጣቢያው ጥቁሮችን ያሠራ የነበረው በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር። በዚያ ክፍል ከሁሉ የላቀ የሚከፈለው ሰው፣ በሌሎቹ ክፍሎች ከሁሉ ያነሰ የሚከፈለውን ያህል እንኳ አያገኝም። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ ጁላይ 2 ቀን 1965፣ ኩባንያው ወደ ተሻሉት ክፍሎች የሚቀጠር አዲስ ሠራተኛ ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማው በተጨማሪ ሁለት የችሎታ ፈተናዎችን እንዲያልፍ ደነገገ። በ1960 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በሰሜን ካሮላይና ከነጭ ወንዶች ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት 34 በመቶ ሲሆኑ ከጥቁር ወንዶች ግን 12 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ማለትም መስፈርቱ ማንን እንደሚያስቀር አስቀድሞ የታወቀ ነው። 13 ጥቁር ሠራተኞች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971፣ በዋና ዳኛ ዋረን በርገር በተጻፈው ውሳኔ፣ መስፈርቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑን አሠሪው ካላስረዳ፣ ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም ሕጉን ይጥሳል አለ። በዚህ መንገድ ለሚከራከር ሠራተኛ የአሠሪውን ልብ መመርመር ቀረለት፤ ቁጥር ማስረጃ ሆነለት።

አብዛኛው ክስ ግን የአንድ ሰው ክስ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ ስታቲስቲክስ አይሆንም። ለዚህ ዓይነቱ ክርክር መንገዱን የቀየሰው የፐርሲ ግሪን ጉዳይ ነው። ግሪን በሴንት ሉዊስ ከተማ በማክዶኔል የአውሮፕላን ፋብሪካ ከ1956 ጀምሮ በመካኒክነትና በላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት የሠሩ ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ከፋብሪካው ውጭ ደግሞ የሲቪል መብቶች ታጋይ ነበሩ። ጁላይ 14 ቀን 1964፣ ያኔ ገና በመሠራት ላይ የነበረውን የጌትዌይ አርች ሐውልት ከአንድ ነጭ የትግል ጓደኛቸው ጋር ሆነው 125 ጫማ ያህል ወጡ። ጥያቄያቸው በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ግንባታ ላይ ጥቁር ባለሙያዎች ይቀጠሩ የሚል ነበር። ከታች ፖሊስ እየጠበቃቸው ለአራት ሰዓት ያህል እዚያው ቆዩ።

በቀጣዩ ወር፣ ኦገስት 28፣ ፋብሪካው የሠራተኛ ቅነሳ ብሎ አሰናበታቸው። ግሪን ስንብቱ ከቀለማቸው የመጣ ነው ብለው ተቃውሟቸውን ወደ ፋብሪካው በር አመጡት። ተቃዋሚዎቹ በጠዋት ፈረቃ መግቢያ ሰዓት መኪኖቻቸውን መንገድ ላይ አቁመው ትራፊኩን ዘጉ፤ ግሪንም ተይዘው ተቀጡ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሠራተኞች ያሉበት ሕንፃ በር በሰንሰለት ተቆለፈ። በጁላይ 1965 ኩባንያው መካኒክ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ፤ ግሪን አመለከቱ፤ ኩባንያው በተቃውሞው መሳተፋቸውን ጠቅሶ አልቀጥርም አለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በአንድ ድምፅ ያስቀመጠው ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ሠራተኛው አራት ነገር ያሳያል፦ ሕጉ ከሚጠብቃቸው ወገኖች መሆኑን፣ ለሥራው ብቁ ሆኖ ማመልከቱን፣ አለመቀበሉን፣ ከዚያም በኋላ ቦታው ክፍት ሆኖ አሠሪው መሰል ሰው መፈለግ መቀጠሉን። ይህ ከታየ ተራው የአሠሪው ነው፤ ከመድልዎ የራቀ ምክንያቱን ይናገራል። በሦስተኛው ደረጃ ሠራተኛው የተሰጠው ምክንያት ሰበብ መሆኑን ለማሳየት ዕድል ያገኛል። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ስሟን ጅግራ እንደሚሏት፣ አሠሪው አስቀድሞ ወስኖ ስም የፈለገለት መሆኑ ይመረመራል። ዋናው ማነጻጸሪያም ተመልክቷል፦ ተመሳሳይ ጥፋት የሠራ ነጭ ሠራተኛ ተመልሶ ተቀጥሮ ከሆነ የአሠሪው ቃል ይወድቃል። ሥርዓቱ የተወለደው በግሪን ጉዳይ ቢሆንም፣ እሳቸው ራሳቸው ግን ጉዳዩ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ሲመለስ ተረቱ።

ቀጥሎ የመጡት ውሳኔዎች የሠራተኛውን ሸክም እያከበዱት ሄዱ። በ1981 ፍርድ ቤቱ አሠሪው ምክንያቱን መናገር እንጂ እውነትነቱን የማረጋገጥ ግዴታ እንደሌለበት ወሰነ፤ የማሳመን ሸክሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሠራተኛው ትከሻ አይወርድም። በ1993 ደግሞ ዳግመኛ ከሴንት ሉዊስ የመጣ ጉዳይ ቀረበ። በአንድ የማረሚያ ተቋም በኃላፊነት ይሠራ የነበረ ጥቁር ሠራተኛ ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ከዚያም ተሰናበተ። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ተቋሙ ያቀረባቸውን ምክንያቶች አላመኗቸውም። ቢሆንም አለቆቹ ሰውየውን ለማባረር ቆርጠው መነሳታቸው የግል ጥላቻ ሊሆን ይችላል፤ የዘር ጥላቻ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ የዳኛውን አካሄድ ደገፈ። አሠሪው ምክንያቱን መፍጠሩ ቢደረስበትም፣ ያ ብቻውን ሠራተኛውን የግድ አያስረታውም ማለት ነው።

ይህን ያለዘበው፣ በሌላ ሕግ በሚከለከለው የዕድሜ መድልዎ ክስ ላይ የተሰጠው የ2000 ውሳኔ ነው። በሚሲሲፒ የሽንት ቤት መቀመጫ በሚያመርት ፋብሪካ 40 ዓመት የሠራ የ57 ዓመት ሰው የሠራተኞችን ሰዓት በትክክል አልመዘገብክም ተብሎ ተባረረ። መዝገቦቹ ትክክል እንደነበሩ አሳየ። የውሳኔው ዋና ባለቤት የነበረው አለቃም ከዚያ ቀደም ብሎ በሜይፍላወር መርከብ የመጣህ ሳትሆን አትቀርም ብሎት ነበር፤ ያቺ መርከብ አሜሪካ የደረሰችው በ1620 ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ፣ ጁሪው የአሠሪውን ሐሰት ካየ ከዚያ ተነሥቶ መድልዎ ነበር ብሎ መደምደም ይችላል አለ። ሐሰቱ ጁሪውን ለመድልዎ ፍርድ ያበቃዋል፤ ግን አያስገድደውም። ሕጉ ዛሬም የቆመው እዚህ ላይ ነው።

የአለቆችን አንደበት እንደ አን ሆፕኪንስ መዝገብ በግልጽ ያስቀመጠ የለም። ሆፕኪንስ ፕራይስ ዋተርሃውስ በተባለው የሒሳብ ድርጅት በ1982 ለሸሪክነት የታጩ ባለሙያ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከታጩት 88 ሰዎች ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ከ662ቱ ሸሪኮች ሴቶቹ 7 ነበሩ። ለድርጅቱ የ25 ሚሊዮን ዶላር የመንግሥት ውል እንዲገኝ ያደረገው ሥራም በስማቸው ተመስክሯል። ሸሪኮቹ በጽሑፍ ከሰጡት አስተያየት አንዱ «ወንዳወንድ» ይላቸዋል። ሌላው ሴትነታቸውን ለማካካስ ከልክ አልፈዋል ይላል። ሦስተኛው ስለ ሴት ወግ ትምህርት ይግቡ ብሎ ይመክራል። አንዱ ደግሞ ኃይለ ቃላቸው የተጠላው ከሴት አፍ ስለወጣ ብቻ ነው ሲል ባልደረቦቹን ይተቻል። ምክንያቱን እንዲያስረዷቸው የተመደቡት ኃላፊ የሰጡት ምክር ሁሉንም ጠቀለለው፦ እንደ ሴት ይራመዱ፣ እንደ ሴት ይናገሩ፣ እንደ ሴት ይልበሱ፣ ይኳኳሉ፣ ፀጉራቸውን ይሠሩ፣ ጌጥ ያድርጉ።

ድርጅቱ በበኩሉ ሆፕኪንስ የበታች ሠራተኞችን ያመናጭቃሉ አለ፤ ይህም ሐሰት አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄው ሐቀኛው ምክንያትና መድልዎው አንድ ላይ ሲገኙ ምን ይሆናል የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ፆታ በውሳኔው ውስጥ እጁን ማስገባቱ ከተረጋገጠ፣ ያለዚያም ቢሆን ያንኑ እወስን ነበር ብሎ ማስረዳት ያለበት አሠሪው ነው አለ። በ1990 ፍርድ ቤት ሆፕኪንስ ሸሪክ እንዲሆኑ አዘዘ፤ እሳቸውም ወደ ድርጅቱ ተመለሱ። በ1991 ኮንግረሱ ሕጉን አሻሽሎ፣ መድልዎ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ብቻ ጥሰት ነው ሲል ደነገገ። ጁሪ የመጠየቅና የሞራል ካሣ የማግኘት መብትም ጨመረ፤ ካሣውና የቅጣት ካሣው ተደምረው ግን በትልልቅ አሠሪዎች ላይ እንኳ ከ300,000 ዶላር እንዳይበልጡ ጣሪያ አበጀ።

መድልዎ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ለማሳየት ቀጥተኛ ማስረጃ ያስፈልግ እንደሆነ ያከራከረው ጉዳይ የመጣው ከላስ ቬጋስ ሆቴል መጋዘን ነው። በክፍሏ ብቸኛዋ ሴት የነበረች የፎርክሊፍት ሠራተኛ በአሳንሰር ውስጥ ከአንድ ወንድ ባልደረባዋ ጋር ተጣላች፤ እሱ ለአምስት ቀን ታገደ፣ እሷ ተባረረች። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአካባቢ ሁኔታ ማስረጃም ይበቃል አለ። በ2008 ደግሞ ሌሎች ሠራተኞች «እኛም ላይ ደርሷል» ብለው የሚሰጡት ምስክርነት በጥቅሉ አይከለከልም፣ በጥቅሉም አይፈቀድም፤ ዳኛው እንደ ጉዳዩ ይመዝነዋል ተባለ።

ከኢትዮጵያ ሄደው በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚሠሩ ሰዎች ከሁሉ የሚቀርበው ግን የአነጋገር ዘዬ ጉዳይ ነው። ዘዬ ከትውልድ አገር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሕጉ ይመለከተዋል። በ1984 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በኦክላሆማ የጥርስ ሕክምና ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበረ ፊሊፒናዊ በዘዬው ምክንያት ከደረጃው መውረዱን መድልዎ ነው አለ፤ ዘዬው ሥራውን አላሰናከለምና። በ1989 ደግሞ በሆኖሉሉ ከ721 ተፈታኞች አንደኛ የወጣ ፊሊፒናዊ ተረታ። ሥራው ከባለጉዳይ ጋር በመስኮትና በስልክ መነጋገር ስለነበር ፍርድ ቤቱ የቃለ መጠይቅ አድራጊዎቹን ግምት ተቀበለ። ልዩነቱ ያለው ሥራው ምን ያህል ንግግር ይጠይቃል በሚለው ላይ ነው፤ ይህን የሚመሰክሩት ደግሞ በአመዛኙ የአሠሪው ሰዎች ናቸው።

የቅርብ ጊዜ ውሳኔዎች በሩን ከፈት አድርገዋል። በ2024፣ አሁንም ከሴንት ሉዊስ፣ ደመወዟና ማዕረጓ ሳይነካ ከስለላ ክፍል ወደ ሌላ የተዛወረች የፖሊስ ሳጅን ከባድ ጉዳት ማስረዳት አይጠበቅባትም፤ የተወሰነ ጉዳት ይበቃል ተባለ። በጁን 2025 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከአብዛኛው ወገን የሆነ ከሳሽ ተጨማሪ ማስረጃ እንዲያቀርብ መጠየቅ ሕገ ወጥ ነው ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በዚሁ ውሳኔ ላይ በግሪን ጉዳይ የተሠራው ሥርዓት ራሱ ከሕጉ ቃል ጋር መጣጣሙን አጥብቀው ተጠራጥረዋል። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በውጤት ላይ የተመሠረተውን የ1971 ዓይነት ክርክር ለማስፈጸም ቅድሚያ እንዳይሰጡ አዘዋል። ሠራተኛው በራሱ የመክሰስ መብቱ ግን አልተነካም።

ተበደልኩ የሚል ሠራተኛ ከማስረጃው በፊት ቀኑን ይቁጠር። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ በክልሉ ተመሳሳይ ተቋም ካለ 300 ቀን ይሆናል። ኮሚሽኑ የመክሰሻ ፈቃድ ደብዳቤ ከሰጠ በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው ጊዜ 90 ቀን ነው። አሠሪው የቅጥርና የስንብት መዝገቦችን ያለ ክስ የማቆየት ግዴታ ያለበት በአብዛኛው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። የሥራ ግምገማውን፣ የኢሜይል ልውውጡን፣ የምስክሮቹን ስምና የሆነውን ነገር በየቀኑ ጽፎ የያዘ ሠራተኛ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ የሚናገረው አለው፤ ያልያዘ ግን ሐቁ ከእሱ ጋር ቢሆንም እንኳ ሊረታ ይችላል።